ለናቲ የመረጥሁት ጊታር

ቀንቶ የማያውቅ ሰው ካለ ይህን ባያነብ ይሻለዋል፤ ጊዜውን ያባክናል። እኔ ቀናተኛ ነኝ። ባለቤቴ ብርቱካን «አንተ እኮ ለጎረቤት ዝናብ ሲዘንብለት የምትቀና ሰው ነህ» ትለኛለች። ቀልዷን ነው፣ ግን ከእውነቱም ብዙ አልራቀች። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከአንድ ቅዳሜ ጠዋት እስከ ማግስቱ እሑድ ከሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ቅናቴ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም።

ስንታየሁ እባላለሁ። የመራዊ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ አስተምራለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈራችን ባለች አነስተኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጊታር እጫወታለሁ። ጊታር ስላችሁ ቦክስ ጊታር ነው፤ ገመድ የማይሰካበት፣ ሆዱ ባዶ የሆነው። እንዲሰማ ከፊቱ ማይክ ይቆምለታል። ማይኩን ከፍ ሲያደርጉት ይጮሃል፣ ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ የእኔ ጊታር ለእኔና ለአጠገቤ ዘማሪ ብቻ ይሆናል። ለዓመታት እንዲህ አገለገልሁ። ከእኔ ሌላ ጊታር የሚችል ስላልነበረ ጎበዝ ነበርሁ።

ከዚያ ናትናኤል መጣ። ሁሉም ናቲ ይለዋል። የሐዋሳ ልጅ ነው፤ እዚህ ባንክ ተቀጥሮ ነው ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን የመጣው። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቀረብ ብሎ «ጋሽ ስንታየሁ፣ ትንሽ ልያዘው?» አለኝ። በእሱና በእኔ መካከል ያለው ዕድሜ «ጋሽ» የሚያስብል አይደለም፤ ሲጀመር በዚያ ተናደድሁ። ጊታሩን ሰጠሁት። ያ የገዛ ጊታሬ፣ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት፣ ለእኔ አንድ ቀን ሰጥቶኝ የማያውቀውን ድምፅ ለእሱ ሰጠው። ወንበር የሚያነሱ ሰዎች ወንበሩን እንደያዙ ቆሙ። ብርቱካንን ከማላውቀው ሰው ጋር ስትስቅ ያየኋት ያህል ቀናሁ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ እሑድ ጊታሬን እየተዋሰ ከመዘምራኑ ጋር ይጫወት ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌዎች ለቤተ ክርስቲያኗ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዲገዛ ወሰኑ። ይህን ቀን ለዓመታት ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ሰብሳቢያቸው ጋሽ ወርቁ ሲያስጠሩኝ ጊታሩ ለእኔ መስሎኝ ከኮሌጅ በፍጥነት ነው የሄድሁት። ጋሽ ወርቁ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ጊታሩን ናትናኤል ይጫወተዋል» አሉኝ። «አንተ ብዙ ደክመሃል፣ እንግዲህ ትንሽ ዕረፍ። ያንተ ማይክም ለዘማሪዎቹ ይሆናል፤ እነሱም ተቸግረዋል።»

«እሺ ጋሼ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ገበያውን ግን የምታውቀው አንተ ነህ፤ የኤሌክትሪክ ነገርም ያንተ ነው። ያለን ገንዘብ ብዙ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ቅዳሜ አብረኸው ሂድና ምረጥለት።»

«ምረጥለት» የምትለዋን ቃል እቤቴ እስክደርስ ድረስ እያላመጥኋት ሄድሁ።

እዚህ ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያናችንን ደንብ ልንገራችሁ። ለቤተ ክርስቲያኗ ማንኛውም ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ በሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፤ የተላከው ሰው ተነሥቶ ዕቃው ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ከዚያ ተጸልዮበት ወደ አገልግሎት ይገባል። ደንቡ የወጣው አንድ ጊዜ በርካሽ የተገዛ ሞንታርቦ የተሰረቀ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ፖሊስ የመጣው መዘምራኑ በሞንታርቦው እየዘመሩ ሳለ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተላከ ሰው ሳይናገር አይቀመጥም። በዚህኛው ጉዳይ የተላክሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከናቲ ጋር ገበያው አጠገብ ወዳለ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሄድን። ባለ ሱቁ አንድ ቀይ ጊታር አወረደልን፤ መስታወት የመሰለ። «ከነቦርሳው፣ ከነድምፅ ማጉያ አምፑ፣ ከነጃክ ገመዱ ነው። ሌላ ምንም አትገዙም» አለን። ዋጋውም ካሰብነው ጋር ይገጥማል። ቀዩን ጊታር ናቲ ትከሻ ላይ ሳየው በእውነት አማረበት። ስለዚህ ጠላሁት።

ናቲ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በአንገቱ ላይ ቁልቁል ተመለከተ። «አንገቱ ትንሽ ጠመም ብሏል» አለ። አንዷን ክር ከላይም ከታችም ተጭኖ መሃሉን አሳየኝ፤ በክሩና በብረቶቹ መካከል ክፍተቱ ሰፊ ነው። «እንዲህ ከሆነ ጣት ያደክማል፤ ወደታች ስትወርድም ድምፁ ይዛባል። አንተ ምን ትላለህ?»

አጋጣሚውን አላሳለፍሁትም። አምፑን ሰክቼ የድምፅ ማስተካከያውን አዞርሁት፤ ተንኮሻኮሸ። ጃኩን ነካ ሳደርገው ድምፁ ጠፍቶ ተመለሰ። ክሩን ስለቀው እንኳ አምፑ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። አንድ በአንድ ቆጥሬ ለባለ ሱቁ ነገርሁት። «ወንድሜ፣ ዕቃ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ልትከሰኝ?» አለኝ። ናቲ ሳቀ። እኔ ግን ከልቤ ነበር፤ ያ ልጅ እንደዚያ የሚያምር ጊታር ይዞ እንዳይቆም ጊታሩ መጥፎ መሆን ነበረበት፣ እንደ ዕድል ሆኖም መጥፎ ነበር።

ከሱቁ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ናቲ ቆመ።

«ለመልክ ከምንከፍል ለአንገቱና ለድምፁ እንክፈል። አምፕም የግድ አያስፈልገንም፤ ትንሽ ፔዳል፣ በእግር የምትረገጠዋን የድምፅ ማስተካከያ፣ ካገኘን በእሱ በኩል ሚክሰሩ ላይ መሰካት ይቻላል። በቀጥታ ከሰካነው ግን ድምፁ ቆርቆሮ ይሆናል» አለ።

«እና ከየት ይገኛል?»

የባጃጅ ሹፌር እያጨበጨበ ሲጠራን ነው የተናገረው። «አንድ ጊታር የማውቀው አለ። ጥሩ ጊታር ነው። እሱ ያለበት ቦታ ግን...» ብሎ አቆመና «ና፣ እንሂድ» አለኝ።

ባጃጁ ወደ ጣና ዳር ይዞን ወረደ። የደረስነው አንድ ላውንጅ ነው። ገና ጠዋት ስለሆነ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ አንዲት ሴት ወለሉን ትወለውላለች። ከአጥሩ ማዶ እንጨት የጫነ ታንኳ በቀስታ ያልፋል። በአንደኛው ጥግ መድረክ አለ፤ ላዩ ላይ አቧራ የለበሱ ዕቃዎች ተደርድረዋል። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቼ አላውቅም። የሚያየኝ የኮሌጅ ተማሪ ይኖር ይሆን ብዬ አንገቴን ሰበር አደረግሁ።

ከውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው ወጣና ናቲን ሲያይ እጆቹን ዘረጋ።

«ናቲዬ፣ አለህ እንዴ? ጨርሰህ ጠፋህ እኮ» ብሎ አቀፈው። ወደ እኔ ዞረና «ሲሳይ እባላለሁ፣ የዚህ ቤት ባንድ የኔ ነበር» አለኝ። «ይህን ልጅ ታየዋለህ? እሱ ከተወን በኋላ ይህ መድረክ አልሞቀም። አርብ አርብ ሰው ቆሞ ነበር የሚሰማው።»

ናቲ መሬት መሬት ያያል።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልችልም። ደስ አለኝ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ደስ አለኝ። የእኛን ቤት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ዘፈን ነው። ምእመን ሆኖ በምሽት ቤት ዘፈን የተጫወተ ሰው እኛ መድረክ ላይ እንዲሁ አይቆምም። ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ዛሬ ከሰዓት ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ «ከየት መጣ?» ስባል ሁለት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃል።

ሲሳይ ጊታሩን ከቦርሳው አወጣው። ጥቁር ነው፤ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። «ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ መግባት ከጀመረ ወዲህ የማታ ሙዚቃ የለም። አቧራ ከሚጠጣ ብትወስዱት ይሻላል። ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን፣ ማንገቻውንና ጃኩን መርቄላችኋለሁ» አለ። የጠራው ዋጋ ከቀዩ ጊታር ያነሰ ነበር።

ናቲ እጁን አልዘረጋም። «እንድትመርጥ የተላክኸው አንተ ነህ። አንተ ሞክረው» አለኝ።

አንገቱን አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ሲሳይ በፔዳሉ በኩል መድረኩ ላይ ካለው ስፒከር ጋር ሰካልኝና ማስተካከያውን አዞርሁት፤ ጭጭ፣ አይንኮሻኮሽም። ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ አደረግሁና አንዷን ክር ነካሁ። እኔ በቦክስ ጊታር ክር ስጫን የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጣቴ ጫፉ ላይ ቆዳው ጠንክሯል። ይህኛው ግን ገና ሳልጫነው ዘመረ። ድምፁ ከእጄ ወጥቶ እስከ ውኃው ድረስ የሄደ መሰለኝ። ወለል የምትወለውለው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ለአማላጅነት ተልኮ ሙሽራዪቱን የወደደ ሽማግሌ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ እሱ።

«ይሄ ነው» አልሁ፤ ሌላ ማለት አልቻልሁም። ጆሮዬ ከቅናቴ ይበልጥ ሐቀኛ ነው።

በመልሱ ባጃጅ ውስጥ ጊታሩን በመካከላችን አቁመን ተቀመጥን። ናቲ ቦርሳውን በክንዱ ደግፎ ተናገረ።

«እዚህ ከተማ እንደመጣሁ ሥራ አልነበረኝም። ለቤት ኪራይም ለምግብም እዚያ ተጫወትኩ። ባንኩ ሲቀጥረኝ አቆምኩ።»

«ሽማግሌዎች ያውቃሉ?»

«አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።»

ከዚያ በኋላ «አደራ፣ አትንገርብኝ» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ቢለኝ ኖሮ ታላቅ ሰው ሆኜ «አይዞህ ወንድሜ» እለው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ባለ ውለታዬ አደርገው ነበር። እሱ ግን መስኮት በሌለው ባጃጅ ወደ ውጭ እያየ ዘንባባዎቹን ቆጠረ። ይኸም አናደደኝ።

ለምሳ ቤት ስገባ ብርቱካን ፊቴን አይታ «ምን አገኘህ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኋት።

«እና ዛሬ ልትናገር ነው?» አለች።

«ደንቡ ነዋ። ከየት እንደመጣ መናገር ግዴታዬ ነው።»

«ግዴታህ ጊታሩ ከየት እንደመጣ ነው ወይስ ልጁ ከየት እንደመጣ?»

«ጊታሩ ከምሽት ቤት መጣ ካልሁ እንዴት አገኛችሁት መባሌ አይቀርም። እንግዲህ ልዋሽ?»

ወጡን አወጣችልኝ። ከዚያ «አትዋሽ» አለችኝ። «ግን ስንታየሁ፣ እኔ ባገባሁህ ጊዜ እውነት ስትናገር ፊትህ እንዲህ አይበራም ነበር።»

እንጀራዬን አጋምሼ ተነሣሁ። 

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች በጸሎት ክፍሏ ተቀምጠው ጠበቁን። ጊታሩን ከነቦርሳው ጠረጴዛው ላይ አስተኛነው። ጋሽ ወርቁ ዚፑን ከፍተው አዩት፣ የተላጠውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት፣ መልሰው ዘጉትና ተቀመጡ።

«እንግዲህ የተላከው ይናገር። ከየት መጣ?»

ተነሣሁ። «ጣና ዳር ካለ አንድ ላውንጅ ነው የገዛነው። ሱቅ ያየነው አንገቱ የተጣመመ ነበር። ይህኛው በዋጋም ያነሰ፣ በድምፅም የተሻለ ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጋሽ ወርቁ ግን እኔን ብቻ ነበር የሚመለከቱት።

«ለዘፈን የዋለ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንዲህ ያለ ቦታ ለእናንተ ሩቅ ነው። እንዴት አገኛችሁት?»

መጣች። ጠዋት የጠበቅኋት ጥያቄ መጣች። በአፌ ውስጥ ሁለት መልስ ነበረኝ። አንዱ «ሰው ጠቁሞን» የሚል ነው፤ ውሸት አይደለም፣ የጠቆመኝ ሰው ነው። ሌላው ደግሞ የምታውቁት ነው።   ብርቱካን ትዝ አለችኝ፤ ቀጥሎም እነዚያ ወንበር ይዘው የቆሙ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ከሁለቱ መልሶች የትኛውን ልናገር እንደነበር ብትጠይቁኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም አልተናገርሁም። ከጎኔ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ ናቲ ቆሞ። «እዚያ ቤት ውስጥ በዚሁ ጊታር ዘፈን ተጫውቻለሁ። ሥራ አጥቼ ነበር፤ ግን ለማመካኛ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ። ወደዚህ ቤት ስመጣ መናገር ነበረብኝ፤ እንዳታርቁኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ጋሽ ስንታየሁ ዛሬ ነው የሰማው። ሰበብ እየፈለገልኝ እንዳይቸገር ብዬ ነው የተነሣሁት።»

ሰበብ እየፈለግሁለት መስሎታል። ፊቱን ማየት አቃተኝ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ በጣቶቹ ነበር የቀናሁት። አሁን ግን በአንደበቱ ቀናሁ። ጣት ሠልጥኖ ይመጣል፤ ማታ ማታ ብለማመድ እደርስበት ይሆናል እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። እኔ ሁለት መልስ ይዤ ስወዛወዝ ተነሥቶ እሱኑ የምትጎዳዋን መልስ የተናገረበትን አንደበት ግን በምን ልምምድ አገኘዋለሁ?

ውጭ እንድንቆይ ተደረገ። ተመልሰን ስንገባ ጋሽ ወርቁ ውሳኔውን ተናገሩ።

«ጊታሩ እንጨትና ሽቦ ነው፤ እንጨት ኃጢአት የለበትም። እንጸልይበታለን። ናትናኤል ግን ለተወሰነ ጊዜ ከመድረክ ወርዶ በጽሞና ይቆይ፤ ጊዜው ሲደርስ እኛው እንጠራዋለን። ከነገ ጀምሮ ጊታሩን ስንታየሁ ይጫወተዋል።»

አያችሁ? ምንም ሳልናገር ሁሉንም አገኘሁ። ጊታሩን አገኘሁ፣ መድረኩን አገኘሁ፣ ጸሎትም ተጸለየልኝ። ናቲ «አሜን» አለ፤ ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ጃኩን አወጣና ለእኔ አሳየኝ።

«ስትሰካም ስትነቅልም መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርገው፤ አለበለዚያ ስፒከሩን ይመታዋል። ፔዳሉን በመሃሉ አድርገው። ክሮቹን ደግሞ ከተጫወትክ በኋላ በጨርቅ ጥረግ፤ የጣና እርጥበት ብረት ይበላል።»

እየነገረኝ ያለው ከልቡ ነው። ይህን ያህል ብቀማ እኔ ለሰው ክር ስለ መጥረግ አስተምራለሁ? እንደማላደርገው አውቃለሁ።

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። የተጫዋቹ ከንፈር ማይክ ሲነካ እንዳይነዝር የመድረኩን ግራውንድ፣ ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር፣ አስተካከልሁ፤ ዘንግ ቀብሬ ሽቦ ዘረጋሁ። እዚያች ላይ እንኳ «ለራሴ ነው የምሠራው» እያልሁ ለመደሰት ሞከርሁ። ደስታው ግን እንደ ጠዋቱ አልሆነልኝም።

እሑድ ደረሰ። ጥቁሩን ጊታር አንግቼ ወጣሁ። መጀመሪያው ላይ ድምፁ በዝቶ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ያሉ እናቶች ጆሯቸውን ያዙ፤ ዝቅ አደረግሁት። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ጣቶቼ ቀላል ክር ስላልለመዱ ከቦታቸው እየዘለሉ ተቸገርሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ተስተካከለ። ጉባኤው ደስ ብሎታል፤ አዲስ ድምፅ ነውና ሰው ቀና ቀና እያለ አየኝ። ከመዘምራኑ መካከል ብርቱካን እንኳ ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ። ያ የተመኘሁት ቀን ይህ ነበር።

ዓይኔ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሄደ። ናቲ እዚያ ቆሟል። እጁ ላይ ምንም የለም። ሁለቱንም እጆቹን አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘምራል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። የተሰናከልሁባቸውን ቦታዎች አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ለእሱ ምንም አልሆኑም። እኔ የምጫወተውን መዝሙር በእውነት የሚዘምረው እሱ ነበር። እኔ ቀጥሎ ጣቴን የት ላስቀምጥ እያልሁ ነበር የማስበው።

ቀናሁበት። ጊታሩ እኔ ትከሻ ላይ፣ መድረኩ እኔ እግር ሥር፣ እሱ ባዶ እጁን፤ አሁንም ቀናሁበት። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ሁሉንም ወስጄበት ካልበቃኝ መቼ ሊበቃኝ ነው?  የመጨረሻውን መዝሙር እንዴት እንደጨረስሁት አላስታውስም።

ጉባኤው ሲበተን ጊታሩን እንኳ ሳልጠርግ ወደ ጋሽ ወርቁ ሄድሁ። በጓሮ ባለችው ቆርቆሮ ቢሮ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ ለእኔም ጽሞና ይስጡኝ» አልኋቸው።

«ምን አጥፍተህ?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በናትናኤል። ከመጣበት ቀን ጀምሮ። ትናንት እሱ ቀድሞኝ ባይነሣ ምን እንደምናገር እንኳ አላውቅም ነበር። እሱ ሰበብ የምፈልግለት መስሎት ነበር፤ አልነበረም። ዛሬም እዚያ ላይ ቆሜ እየቀናሁ ነበር።»

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው ይነቀነቅ ጀመር። እየሳቁ ነው። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«አይ ስንታየሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በቅናት ሰው ካገድንማ ማን ሊዘምር ነው? መዘምራኑን እኮ አውቃቸዋለሁ፤ ሶሎ ለማን ተሰጠ እያሉ ሳምንቱን ሙሉ የሚኮራረፉትን። ሌላው ይቅር፣ ያኛው ሽማግሌ ጸሎቱን ሲያረዝመውና ሰው አሜን ሲልለት እኔ ራሴ ሆዴን ቅር ይለዋል። መድረኩም ባዶውን ይቀራል፣ የሽማግሌ ወንበሩም ባዶውን ይቀራል።»

እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ሳቃቸው በመሃሉ ቆመ። መነጽራቸውን አጠለቁ።

«እሱን ርቦት ለተጫወተው አወረድነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንተን ግን ለቅናትህ አላወርድህም፤ ስቄ ልሸኝህ ነው። ይህ ሚዛን ትክክል ነው ትላለህ?»

«አይመስለኝም ጋሼ።»

«ለእኔም አሁን አልመሰለኝም። ከሽማግሌዎቹ ጋር እነጋገርበታለሁ። የአንተን ግን እኔ አልፈታውም። ለእኔ የነገርኸኝን ሂድና ለራሱ ንገረው።»

እዚያ ከሚልኩኝ ዓመት ሙሉ ቢያግዱኝ በወደድሁ። ናቲ በሩ አጠገብ ከዛፉ ሥር ቆሞ ባጃጅ ይጠብቃል። ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ። ቃል አላማረጥሁም።

«ናቲ፣ ቀንቼብሃለሁ» አልሁት።

ዞሮ አየኝ። እንደ ጋሽ ወርቁ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «የትኛው ቦታ ላይ?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ጊታሬን ከያዝህበት...»

«እሱስ ገብቶኛል። ስጫወት ማለቴ ነው። የትኛው ቦታ ላይ ነው የቀናኸው?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም። ግን መልሱን አውቀው ነበር፤ ለወራት እንቅልፍ የነሣኝ ነው። ወደ አዝማቹ ከመመለሱ በፊት ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣባትን ቦታ በአፌ አንጎራጎርሁለት። ራሱን ነቀነቀ። ግራ እጄን ያዘና የገዛ ክንዱን እንደ ጊታር አንገት ዘርግቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስቀመጠልኝ። «ይቺን መጀመሪያ፣ ከዚያ ይቺን። ትንሿን ጣት አትፍራት» አለኝ። የሚጠብቀው ባጃጅ መጥቶ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌዎች ናቲን ጠሩት። ዛሬ ጥቁሩን ጊታር የሚጫወተው እሱ ነው። እኔ በአጠገቡ ቦክስ ጊታሬን ይዤ እቆማለሁ፤ ከፊቱ ማይክ ከማቆም ድምፁን የምታነሣ ትንሽ ፒክአፕ ገዝቼ ሆዱ ውስጥ አስገባሁለት፣ አሁን ይሰማል። ማይኩ ለዘማሪዎች ሆኗል።

ታዲያ ቅናቱ ለቀቀኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ መጨረሻው ላይ ሰውየው ይድናል፤ እኔ አልዳንሁም። ባለፈው እሑድ አንዲት እናት መጥተው የናቲን እጅ ይዘው «ልጄ፣ ዛሬ ልቤን ነካኸኝ» አሉት፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ጫማዬን አየሁ። እናንተም ይህ በሽታ ካለባችሁ «ተወው» የሚላችሁን አትስሙ፤ እኔ ለዓመታት ተውሁት ተውሁት እያልሁ ውስጤ ሲያድግ ኖሯል። እኔ ያገኘሁት አንድ ዘዴ ብቻ ነው። ለባለቤቱ እነግረዋለሁ። ሰኞ ማታ እደውልለትና «ናቲ፣ ትናንት ቀንቼብህ ነበር» እለዋለሁ።

«የትኛው ቦታ ላይ?» ይለኛል።

እነግረዋለሁ፤ እሱም ያሳየኛል። ዛሬ በጊታር የማውቀውን አብዛኛውን የተማርሁት እንደዚህ ነው።